ነገርን ከሥሩ

ቴአትር የሚወድ ሰው ብዙ ይማራል ይባላል። እኔ ግን ቴአትርን እየወደድሁ፣ ከቴአትር ቤትም ሳልለይ፣ ብዙ ዘመን ሳልማር ኖሬአለሁ። እናንተ ወጣቶች እኔ ዘግይቼ ያገኘሁትን ቀድማችሁ ታገኙት ዘንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ያደግሁት በሁርሶ ነው። ሁርሶ ከድሬ ዳዋ በስተ ምዕራብ፣ የጥንቱ የባቡር ሐዲድ በሚያልፍበት ቆላ ውስጥ ያለች፣ በጦር ማሠልጠኛዋ የምትታወቅ ስፍራ ናት። በልጅነቴ ከምልምል ወታደሮች መዝሙርና ከባቡር ጩኸት በቀር ሌላ የምንሰማው እምብዛም አልነበረም። አልፎ አልፎ ግን የጦሩ የኪነት ቡድን ይመጣ ነበር። ያን ጊዜ የአንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎን ተከፍቶ መድረክ ይሆናል፤ ሸራው መጋረጃ ይሆናል፤ ምልምሎቹ በአሸዋው ላይ ይደረደራሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ በእግራቸው መካከል ሾልከን ከፊት እንቀመጣለን። አንድ ቀን ማታ በጨዋታው ውስጥ አንዱ ክፉ ሰው ጩቤ ይዞ ከንጹሑ ሰው በስተ ኋላ ሲያደባ፣ አንድ ምልምል ብድግ ብሎ «ኧረ ከኋላህ ነው!» ሲል ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ እኔ ግን ሳልስቅ ቀረሁ፤ ልቤ ከእርሱ ጋር ጮኾ ነበርና።

በማግሥቱ ያየነውን ሁሉ ከባልንጀራዬ ጋር በባዶ ሣጥኖች ላይ ቆመን እንደግመው ነበር። የባልንጀራዬ አባት የባቡር ሠራተኛ፣ እናቱም ደግ ሴት ነበሩ። ከገዛ ቤቴ ይልቅ በእርሳቸው ማዕድ የበላሁት ይበዛል። በጨዋታችን ሐሰተኛውን ሰው መሆን ማንም ልጅ ስለማይወድ፣ ያን ቦታ ሁልጊዜ የሚይዘው እርሱ ነበር። ከሁላችንም የዋሁ እርሱ ስለ ሆነ እምቢ ማለትን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄድሁ፤ ሥራም ይዤ በዚያው ቀረሁ። ከደመወዜ የቤት ኪራይና የምግብ ሲቀነስ የሚተርፈው ሁሉ ለመግቢያ ትኬት ይውል ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተው ወደ ሀገር ፍቅር እሄዳለሁ፤ በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ወደ ተከፈተው፣ የድንጋዩ አንበሳ ከፊቱ ወደሚታየው ወደ ብሔራዊ ቴአትርም እሄዳለሁ። መብራቱ ጠፍቶ መጋረጃው ከመከፈቱ በፊት ያለችው ያች የዝምታ ጊዜ ከበዓል ዋዜማ የበለጠ ደስ ታሰኘኝ ነበር።

ከሁሉ አብልጬ የወደድሁት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን ኦቴሎ ነው። ኦቴሎ ጀግና የጦር አለቃ ነው፤ ኢያጎ የተባለ ሽንጋይ በአንድ መሐረብ አሳቦ ሚስቱን ዴዝዴሞናን ያማበታል፤ ኦቴሎም ነገሩን ከሥሩ ሳያጣራ በገዛ እጁ ይገድላታል። ይህ ጨዋታ በለንደን በ1604 እ.ኤ.አ. ከታየ ከ400 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው «አትመነው! አትመነው!» እያለ ሲያንሾካሹክ ስሰማ የሁርሶው ምልምል ትዝ ይለኝ ነበር።

በዚያው ዘመን ከሀገሬ የመጣ አንድ ሰው፣ «ያ ባልንጀራህ በሰው ፊት ‹በእናቴ እንጀራ አደገ› እያለ ያዋርድሃል» አለኝ። ነገሩ እንደ እሳት አቃጠለኝ። እውነት ይሆን? ብዬ አልጠየቅሁም። በልጅነታችን ሐሰተኛውን ሰው ይጫወት የነበረው እርሱ መሆኑ እንኳ እንደ ማስረጃ ሆኖ ታየኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሦስቱንም ሳልከፍት ከፍራሼ ሥር አስቀመጥኋቸው። እንዲህ ሆኖ አራት ዓመት አለፈ።

ኦቴሎን ለሦስተኛ ጊዜ ያየሁ ዕለት ከጎኔ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ምነው አንድ ጊዜ አስረድቶ ቢጠይቃት!» ብለው ተነፈሱ። እኔም፣ «እውነትዎን ነው አባቴ፤ ቂል ነው» አልሁ። ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ ደብዳቤዎቹ ታወሱኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ሳላጨበጭብ ወጣሁ፤ ቤቴም ገብቼ ከፈትኋቸው። በመጀመሪያው ስለ ጤንነቴ ይጠይቃል። በሁለተኛው እናቱ መታመማቸውንና «ልጄ ለምን ጠፋ?» ማለታቸውን ይነግረኛል። በሦስተኛው ማረፋቸውን ገልጦ፣ ለአርባቸው እንድደርስ ይለምነኛል። አርባቸው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

በማግሥቱ ባቡር ተሳፍሬ ወረድሁ። ያ ባቡር ዛሬ በዚያ መንገድ መመላለሱን ትቷል፤ የዚያን ጉዞ ርዝመት ግን አልረሳውም። ባልንጀራዬ «ምን በድዬህ ነው?» አለኝ። የሰማሁትን ነገርሁት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንዲህ ብዬ ነበር» አለ፤ «‹በእናቴ እንጀራ አብረን አደግን› ብያለሁ። በአንተ ስኮራ ነው ያልሁት።» ነገር አመላላሹ ያጎደለው «አብረን» የምትለውን ቃል ብቻ ነበር።

በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፣ በአውሬዎቹ ምሳሌ የዘመኑ አስተዳደር ጉድለት ተነቅፎ ነበርና ሹማምንቱ ተቆጡ፤ ቴአትሩም ተከለከለ። በወጣትነቴ ይህን ታሪክ ሳነብ በእነዚያ ሰዎች እስቅ ነበር። አሁን ግን ከእኔ እንደሚሻሉ ዐውቃለሁ። እነርሱ መልካቸውን በመድረክ ላይ ዐውቀው ተቆጡ፤ እኔ ግን የራሴን መልክ ሁለት ጊዜ አይቼ የሌላ ሰው መስሎኝ አጨበጨብሁ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቴአትር ቤት ሂዱ፤ ሳቁ፤ አልቅሱም። ነገር ግን በመድረኩ ላይ ባለው ሰው ከመፍረዳችሁ በፊት ከፍራሻችሁ ሥር ያልተከፈተ ደብዳቤ እንዳለ ፈልጉ። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ባልንጀራዬ ይቅር ብሎኛል። ሆኖም መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እንደ ገና ሲከፈት ዴዝዴሞና ከሞተችበት ተነሥታ ለተመልካቹ እጅ ትነሣለች። «ልጄ ለምን ጠፋ?» ያሉት እናት ግን አይነሡም፤ እኔም መልሱን የምነግራቸው ከመቃብራቸው አጠገብ ቆሜ ነው።