ዛሬም ያው ወገብ ነው የሠራነው

ዛሬ ልምምድ ስንጨርስ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «ልጄን ባየሁት ቁጥር መሬት ላይ ሲንፏቀቅ ነው፤ መቼ ነው ሰው መጣል የሚማረው?» አሉኝ። እውነትዎን ነው እትዬ፣ ሲንፏቀቅ ነው የዋለው። ነገም ይንፏቀቃል።

እዚህ ሺሺንዳ ላይ ትግል ብርቅ አይደለም። ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ እግር ጠልፎ መጣል ይችላል። ግን የኛ ትግል ጀርባ መሬት ሲነካ ያበቃል፤ የምንለማመደው ጁጂትሱ ደግሞ እዚያው ላይ ይጀምራል። የወደቀ ልጅ «አለቀልኝ» ብሎ ይዘረራል፣ ከላይ ያለው ደረቱ ላይ ጉብ ይላል። መጀመሪያ የማስተወው ይሄን ነው። በጎንህ ዙር፣ ክርንህን ከጉልበትህ አገናኝ፣ እግርህን ትከል፣ ግፋ፣ ወገብህን አውጣ። በቀኝ፣ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ። ምንጣፋችን ደረቅ የእንሰት ቅጠል በጠቀጠቅንበት ጆንያ ላይ የተወጠረ ሸራ ነው። ዝናብ ሲመጣ (መቼ ቀርቶ ያውቃል!) ሁላችንም ሸራውን ተሸክመን ወደ በረንዳ ሩጫ ነው፤ እንደ ማሟሟቂያ ይቆጠርልን።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ ስፖርት የተማርኩበት ቦታ ለየቀበቶው እንከፍል ነበር። ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፤ እናቴ ቡና ሸጣ ከፍላለች። ዘሎ መርገጥ ተማርን፤ መውደቅን ግን ማንም አላስተማረንም። ጓደኛዬ ሲወድቅ መሬቱን በእጁ ሊደገፍ ዘረጋው፣ አንጓው ተሰበረ። አወዳደቁ ይሄው ነው፦ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍ፣ እጅህን አትደገፍበት፣ በክንድህ ሙሉ መሬቱን ምታ። ይሄን ለማሳየት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቀበቶው ግን ብር ያመጣል፣ መውደቅ አያመጣም።

ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፍቶ ጁዶን ሲያስተምር፣ አወዳደቅ የትምህርቱ መሠረት ነበር። የኮዶካኑ ሚትሱዮ ማኤዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገባ፣ የእሱን ትምህርት የወረሱት የግሬሲ ቤተሰብ ልጆች መሬት ላይ የሚደረገውን ትግል አሰፉት፤ የኛም ጁጂትሱ ይሄው ነው። ይሄ ሁሉ ዘመን አልፎም ዛሬ ብዙ ቦታ ጀማሪ የሚጀምረው በመውደቅና ወገብ በማውጣት ነው።

ጥቅሙን ዛሬ ደግሞ አየሁት። አንድ ቀጭን ልጅ ከአንድ ጎረምሳ ሥር ገባ። አልጮኸም፣ አልተንፈራገጠም። ክርኑን አስገባ፣ አንዴ ገፋ፣ ወገቡ አልወጣም። ደገመው፣ ጉልበቱ ሾልኮ ገባ። ሦስተኛው ላይ ተንበርክኮ ፊት ለፊት ሆኗል። ማንንም አልጣለም! እትዬ፣ ያ ልጅ የእርስዎ ነው።

እሁድ ከሰዓት እንገናኝ። ያረጀ ጆንያ ያላችሁ አምጡልኝ፣ የምንጣፋችን አንዱ ጥግ ሳስቷል።