ሙቀትና ዋጋው

በ2011 ዓ.ም. በጥር ወር በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ የሚኖረውን ታናሽ ወንድማችንን ልንጠይቅ ሄደን ነበር። በደጅ በረዶ ተነጥፎ ሳለ እርሱ መስኮቱን ከፍቶ ተቀምጧል። እኛ እናታችን ፍልጡን ቆጥራ በምታነድበት ቤት ያደግን ነንና፥ «ይህን ሁሉ ሙቀት ወደ ሜዳ የምትሰድደው ስለ ምንድር ነው?» ብለን ተቆጣነው። እርሱም፥ «ጋሼ፥ ዋጋው በቤት ኪራዩ ውስጥ ተጠቃልሏል፤ ብዘጋውም ብከፍተውም የምከፍለው ያው ነው» አለን። መልስ አጣን።

በዚያ አገር ሙቅ ውሃ ከታላቅ ማሞቂያ ጣቢያ ከመሬት በታች በቧንቧ ይመጣል፤ ከአሥሩ የአፓርታማ ሕንጻዎች ዘጠኙ ያህል የሚሞቁት በዚሁ ነው። በጀርመን አገር ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረት ከማሞቂያው ወጪ ከመቶ ከ50 እስከ 70 የሚሆነው በየቤተሰቡ ፍጆታ ልክ፥ የቀረው በቤቱ ስፋት ይታሰባል። በዚያ መስኮት የሚከፍት ሰው ከኪሱ ይከፍላል።

ይሁን እንጂ ነገሩ በቆጣሪ ብቻ አያልቅም። ወንድማችን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በማኅበር በሚተዳደር ሕንጻ ውስጥ ቤት ገዛ። አባላቱም፥ «ጣራውንና መስኮቱን እናጥብቅ ወይስ ከሚወጣው አየር ሙቀት የሚመልስ መሣሪያ እንትከል?» ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻም ተበድረው መሣሪያውን ተከሉ። ብዙ ሳይቆይ ሙቀት ሻጩ ድርጅት የሒሳቡን አሠራር ለወጠ፤ በፍጆታ የሚታሰበውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ፥ ሕንጻው እጅግ በሚበርድባቸው ቀናት በሚስበው መጠን የሚታሰበውን ከፍ አደረገ። መሣሪያው ግን አብዝቶ የሚቆጥበው ብርዱ ቀለል ባለባቸው፥ ሙቀቱም በሚረክስባቸው ወራት ነው። ስለዚህ ሒሳቡ የቀነሰው በጥቂቱ ሲሆን ዕዳው እንዳለ ቀረ። በላይኛው ፎቅ በጡረታ ብቻ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ ወይዘሮም ወርኃዊ መዋጮ ተጨመረባቸው።

እውነቱን ለመናገር፥ ሻጩም ምክንያት አለው፤ ቧንቧውና ጣቢያው ሰው ቢቆጥብም ባይቆጥብም ወጪያቸው አይቀርም፤ በብርቱ ብርድ ቀን ደግሞ በውድ ነዳጅ የሚሠራ ተጨማሪ ምድጃ መለኮስ ግድ ይሆናል። እኛን የሚከፋን ለውጡ አይደለም፤ ለሃያ ዓመት የሚሆን ዕቃ በብድር የሚገዛ ቤተሰብ የዋጋው አሠራር ወዴት እንደሚያመራ አስቀድሞ አለመስማቱ ነው።

በቅርቡ ወንድማችን በስልክ እንደ ነገረን፥ አሁን ጣራውን በወፍራም መከላከያ ለማልበስ ድምፅ ተሰጥቷል፤ ይህ በብርቱ ብርድ ቀንም ይረዳልና። ከሁሉ ቀድመው እጃቸውን ያነሡት እኒያው ወይዘሮ ነበሩ።