ጋዙ የማን ነው?

ባለፈው ሳምንት ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ ከቤቴ ሥር ጋዝ አለ፤ ፈርም የሚል ደብዳቤ መጣልኝ» አለኝ። ወሬው ከእኔ በፊት ወግዲ ደርሶ ኖሯል። አባቱ ጋዙን ተማምነው ለቆርቆሮ ቤት ሊበደሩ ነበር።

እንደ ድሯችን ሒሳብ ሠራን። እናንተም ተከተሉን።

አሜሪካ ውስጥ ከመሬት በታች ያለው ማዕድን የግል ሀብት ሊሆን ይችላል፤ ግን ከላዩ መሬት ተነጥሎም ይሸጣል። ቤቱን የሸጠለት ሰው የሥሩን ለራሱ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሉን አገላብጥ አልኩት። አገላበጠ፤ የሥሩም የእሱ ነው።

ጋዝ ደግሞ አጥር አያውቅም። ጉድጓዱ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁል ይወርድና በአግድም ታጥፎ በብዙ ሰው ግቢ ሥር ያልፋል። ስለዚህ የሁሉም መሬት ተደምሮ አንድ «ዩኒት» ይባላል፤ ክፍያውም እንደየመሬቱ ስፋት ይከፋፈላል። የእሱ ግቢ 0.2 ኤከር፣ ዩኒቱ 640 ኤከር (259 ሄክታር ገደማ)፤ ድርሻው ከ3,200 አንድ። ለባለቤቶቹ የሚታሰበው ከሽያጩ ሩብ ቢሆን፣ የ1 ሚሊዮን ዶላር ጋዝ ሲሸጥ ለእሱ 78 ዶላር ይደርሰዋል።

«ቲቸር፣ ዜሮ ረስተው እንዳይሆን?»

አልረሳሁም።

ለአባቱም ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «በእኛ ማሳ ቢወጣስ፣ መምህር?» አሉኝ። ቀልድ አይደለም፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ወረኢሉ አካባቢ ነዳጅ ዘይት ከመሬት ሲያዣ ታይቷል። መልሱ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ነው፦ መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው በመሬቱ ይጠቀማል፤ ቢነሳ ለንብረቱ ካሳ ይገባዋል። ከጋዙ ግን በስሙ የሚቆረጥለት ድርሻ የለም። አንቀጽ 98 እንደሚለው የጋዝን ግብርና ሮያሊቲ የሚጥሉት የፌዴራልና የክልል መንግሥታት በጋራ ናቸው። በ1960ዎቹ ኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ የተገኘው ጋዝም ዛሬ የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

«እዚያ ለባለቤቱ ፍርፋሪ፣ እዚህ ለባለ ማሳው ካሳ በለኛ!» ብለው ሳቁ። ብድሩንም ተዉት።

ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳችሁ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ የሥሩ በእርግጥ የእኔ ነው? ዩኒቱ ስንት ኤከር ነው? ከሽያጩ ስንት እጅ ይታሰባል? የማጓጓዣና የማጣሪያ ወጪ ይቀነስበታል? ካልገባችሁም እዚያው ያለ ጠበቃ አማክሩ። ሒሳቡን ለመሥራት እኔም አለሁ።