500 ሲደመር 50

ከሦስት ወር ወዲህ ልጃችን ከተኛች በኋላ ያለችው አንድ ሰዓት የጃቫስክሪፕት ሆናለች። ባለቤቴ «ማርኬቲንግ አነሰሽ እንዴ?» ይለኛል። ማርኬቲንግ ስለሆንኩማ ነው! በመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ላይ አንዲት ዋጋ ለማስቀየር ለውጭ ባለሙያ ከፍለን ቀናት እንጠብቃለን፤ ደንበኛ ግን አይጠብቀንም።

ቋንቋውን እ.ኤ.አ. በ1995 ብሬንዳን አይክ የመጀመሪያ ቅርጹን የሰጠው በ10 ቀን ነው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ገና መሠረቱ ላይ ነኝ።

ከሁሉ የገረመኝ መደመሩ ነው። በድረ ገጽ ቅጽ ላይ የተሞላ ቁጥር ለጃቫስክሪፕት ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ለዕቃው 500፣ ለማድረሻው 50 ተሞልቶ የመደመር ምልክት ሲገባበት 550 አይልም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አጣብቆ 50050 ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ «ነምበር» በሚለው ትእዛዝ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። የሒሳብ መምህሬ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ባለፈው ሳምንት የማዘዣ ገጻችን ለደንበኞች የማይታመን ድምር ማሳየት ጀመረ። ባለሙያው ገጹ እንደ አዲስ መሠራት እንዳለበት ነግሮን ዋጋም ቆርጦ ነበር። አለቃዬም ሊፈርሙ ነው። እኔ ደወልኩለትና «ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ተያይዘው ይሆን እንዴ?» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። «እስከ ምሳ ሰዓት ይስተካከላል» አለኝ።