ለሽያጭ በመጣች ሳይክል እስከ ሰንዳፋ

መጀመሪያ ሳይክሏን ላስተዋውቃችሁ። የተራራ ሳይክል ናት፤ ጎማዋ ወፍራም፣ መሃሏ ላይ ፔዳሉ ጋ ሞተር ያላት። ባትሪዋ 500 ዋት ሰዓት ይይዛል። ክብደቷ 24 ኪሎ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ ማውጣት ምን እንደሚመስል ለመገመት ሩብ ኩንታል ጤፍ አስቡ፣ ያውም መሪ ያለው ጤፍ።

ባለቤቷ የሚስቴ ወንድም ነው፣ ስዊዘርላንድ ይኖራል። እነሱ በጋ ሲሆንላቸው በእሷ ተራራ ለተራራ ሲዞር ፎቶ ይልክልን ነበር። ሰማያዊ ሐይቅ፣ አረንጓዴ መስክ፣ አንገታቸው ላይ ደወል ያንጠለጠሉ ላሞች፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሰማያዊ ሐይቅ። ዘንድሮ ዕቃ በኮንቴይነር ሲልክ እሷንም ጨመራት (ይህን የሚያህል ባትሪ በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም)። "ሸጠህ የእማዬን ጣሪያ አስቀይርልኝ" አለኝ። የእማዬ ቤት ኮተቤ ነው፣ ዘንድሮ ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ሦስት ባልዲ ተደርድሮ ነው ያለፈው። ገዢም ብዙ ሳይቆይ ተገኘ፣ "ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ" አለ። ከዚያ ቅዳሜ በፊት አንድ እሁድ ነበረኝ።

ሞተር ሳይክል እንዳትመስላችሁ። ፔዳል ካልመታችሁ አትንቀሳቀስም። እግር ሲገፋ ታውቃለች፤ እናንተ አንድ ስትሉ እሷ አንድ፣ ሲከብድም ሁለት ትጨምራለች። አውሮፓ ውስጥ ሕጉ የሞተሩን ጉልበት በ250 ዋት፣ እገዛውን ደግሞ በሰዓት በ25 ኪሎ ሜትር ይገድበዋል። ከዚያ በላይ መፍጠን የፈለገ በራሱ እግር ነው።

እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ አስም አለብኝ። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፤ ያ ማለት ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ለሳንባ የማይራራ ብርድ ውስጥ ማለት ነው። ጓደኞቼ በኪራይ ሳይክል ዳገቱን ሲወጡ እኔ ከታች ቆሜ ጃኬታቸውን እጠብቃለሁ። ሒሳብ ያዥም እኔ ነበርኩ፤ ማን ስንት ዙር እንደሄደ እቆጥራለሁ። ምናልባት ፊዚክስ አስተማሪ የሆንኩት እዚያ ሊሆን ይችላል።

ለጉዞው ጠዋት 12 ሰዓት መነሳት ነበረብኝ፣ ግን የጥቅምት ማለዳ ቀዝቃዛ አየር ለእኔ ጠላት ነው። ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቄ 2 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ከመነሳቴ 15 ደቂቃ በፊት ሐኪሜ እንዳዘዘኝ ፓፌን ሳብኩ፣ አፌንና አፍንጫዬን በሻሽ ሸፈንኩ። ሚስቴ ሁለተኛ ፓፍ ቦርሳዬ ውስጥ ከትታ "ሰንዳፋ ስትደርስ ደውል፣ ካልደወልክ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ" አለች። እንደምትመጣም አውቃለሁ።

አያት ባቡሩ የሚያልቅበት ነው፣ ከተማው ግን አላለቀም። ጣፎን አልፎ ለገጣፎ ድረስ ቤት ነው፣ ብሎኬት ማምረቻ ነው፣ ያላለቀ ፎቅ ነው። ይህንን ክፍል ብዙ አልጽፍበትም፤ ሲኖትራክ ጎን ለጎን ሲያልፍ ሰው ስለ መልክዓ ምድር አያስብም። ጥግ ይዤ፣ አቧራውን በሻሹ አጣርቼ፣ ሞተሩን ዝቅተኛው ላይ አድርጌ አለፍኩ። ከለገጣፎ በኋላ ነው ሰማዩ የሚሰፋው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ተማሪዎቼ ሁሌ ይገርማቸዋል። ሀብታሞች ለበረዶ ሸርተቴና ለስብሰባ የሚሄዱባት የስዊዘርላንዷ ዳቮስ 1,560 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የእኛ የአያት ኮንዶሚኒየም ምድር ቤቱ እንኳ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ወደ ሰንዳፋ ስትሄዱ 2,500 ትደርሳላችሁ። እዚያ ከፍታ ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሳንባው ለደከመ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሞተሩ ግን ኦክስጅን አይፈልግም። የቤንዚን ሞተር እንኳ ከፍታ ላይ ሲወጣ ይደክማል፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን 100 ሜትርም ላይ 3,000 ሜትርም ላይ ያው ነው።

አንድ ረዘም ያለ ዳገት ላይ ሯጮች አገኘሁ። በዚያ በኩል አትሌቶች እንደሚለማመዱ ታውቃላችሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጎኔ ሆኖ እየሮጠ አፌ በሻሽ እንደተሸፈነ ያለ ምንም ጭንቀት ስወጣ አየና "ወንድም፣ ዳገቱ አይታወቅህም እንዴ?" አለኝ። "ባትሪ ነው" አልኩት። "አሃ! ዶፒንግ ነዋ!" ብሎ ስቆ ለጓደኞቹ ጮኸላቸው። እውነቱን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በዓለም ሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና አንዲት ቤልጂየማዊት ሳይክሏ ውስጥ የተደበቀ ሞተር ተገኝቶ 6 ዓመት ታግዳለች። የእኔ አልተደበቀም፣ በዚያ ላይ የምወዳደረው ሰውም የለኝም። ልጁ ግን ቁልቁለቱ እስኪጀምር ድረስ አልለቀቀኝም ነበር፤ ያለ ባትሪ!

ለገዳዲ ስደርስ ከአስፋልቱ ወጥቼ የእግር መንገድ ያዝኩ። ሳይክሏ የተሠራችው ለዚህ ነው። ድንጋዩን፣ የከብት ዱካውን፣ የደረቀውን ጭቃ ትውጠዋለች። ሜዳው ገና አረንጓዴ ነው፣ ስንዴውና ጤፉ ወርቃማ መሆን ጀምሯል፣ አደይ አበባ እዚህም እዚያም ቀርቷል። ትንሽ ከፍታ ላይ ስወጣ ውሃው ታየኝ። አጠገቡ መድረስ አይቻልም፣ የሚጠጣ ውሃ ስለሆነ ጥበቃ አለው፤ መሆንም አለበት። እኔም ከሩቅ ቁጭ አልኩ።

ሰማያዊ አይደለም። የስዊዘርላንዱን ፎቶ አስባችሁ ከሄዳችሁ ትደነግጣላችሁ። ከክረምት በኋላ የወተት ሻይ ነው የሚመስለው። ከታረሰው ተዳፋት ሁሉ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ነው የሚገባው፤ ሸክላማ ስለሆነ ደግሞ በቀላሉ አይዘቅጥም። ለዚህ ነው ማጣሪያው ላይ ደቃቁን እርስ በርሱ አጣብቆ የሚያዘቅጥ ኬሚካል የሚጨመርበት። ግድቡ የተሠራው በንጉሡ ዘመን፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ የድሬ ግድብ ተጨመረለት፣ የእሱም ውሃ የሚጣራው ለገዳዲ ነው። እኛ ቤት በፈረቃ ሲመጣ ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት ሳይቀር አሰልፈን የምንቀበለው ውሃ እንግዲህ ይኸው። "መጣች!" የምንላት። ከየት እንደምትመጣ ሳያት ዝም ብዬ ነው የቆየሁት።

ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ላሞች እየነዱ መጡ። ተነሥቼ "አካም ጅርቱ፣ አባባ" አልኳቸው፤ ኦሮምኛዬ እዚያ ላይ ያልቃል። "ፋያ" ብለው የቀረውን በአማርኛ ቀጠሉልኝ። ዓይናቸው ከሳይክሏ አልነቀል አለ።

"ይቺ ምን ትበላለች?"

"መብራት።"

"ሲጠፋስ?"

"ያኔ እኔ ነኝ የምገፋት።"

"እንግዲያው ፈረስ ይሻላል። ሣር እንደሁ አይጠፋም" አሉና ወዲያው ወደ ለገጣፎ በኩል ዞረው አዲሶቹን ቤቶች አዩ። "አይጠፋም ስል..." ብለው ተዉት። እኔም አልጠየቅኩም።

ይልቅ ስለ ውሃው ጠየቅኳቸው። በዱላቸው መሃሉን አሳዩኝ። "እዚያ ጋ ሜዳ ነበር። ጥጃ እጠብቅ ነበር። ቁመቴ ከዚች ዱላ አይበልጥም ያኔ። ጎበዝ ሣር ነበረው፣ ቢግጡት ቢግጡት የማያልቅ።" አልተቆጡም፣ አላለቀሱም፤ ሰው የድሮ ሰፈሩን እንደሚያሳይ ነው የነገሩኝ። ከዚያ እኔን "ከየት ነህ?" አሉኝ። "ከአያት" ስላቸው "እህ፣ እናንተ ናችሁዋ የምትጠጡት" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን እስከ ሰንዳፋ ድረስ ያ ሜዳ በዓይኔ ይመላለስ ነበር። አንድ ልጅ ጥጃ ይጠብቅበት በነበረው መስክ ላይ የተኛ ውሃ ነው ለካ ባልዲያችን ውስጥ የሚገባው።

ከለገዳዲ እስከ ሰንዳፋ ያለው ነው የቀኑ ጣፋጭ ክፍል። ግራና ቀኝ መስክ፣ እንደ ግንብ የተከመረ ኩበት፣ ባሕር ዛፍ፣ ከሩቅ ከደቡብ በኩል የየረር ተራራ። ውሻ ብዙ ነው፣ ብትሄዱ ድንጋይ ባትወረውሩ ይሻላል፤ ወርዳችሁ ሳይክሉን በመሃላችሁ አድርጋችሁ መራመድ ነው። ሕፃናት "ቢኒያም ግርማይ!" እያሉ ተከተሉኝ። ምን ልበላችሁ፣ በ36 ዓመቴ፣ በሻሽ ታፍኜ፣ ቢኒያም ግርማይ ተባልኩ። አላረምኳቸውም።

ሰንዳፋ አንዲት ቡና ቤት ገብቼ ለሚስቴ ደወልኩ፣ ትኩስ ወተት አዘዝኩ (የጽጌን የምትጾሙ ይቅር በሉኝ)፣ ባትሪውን ልሰካ ስል ሶኬት የለም። ባለቤቷ ሳትጠየቅ ፍሪጁን ነቀለችልኝ። "ስንት ይቆጥራል?" ስትለኝ ሒሳቡን ሠራሁላት። የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። የዚህች ሳይክል ሙሉ ባትሪ ምጣዱ ላይ ቢሰካ 9 ደቂቃ አይሞላም፤ ምጣዱ በደንብ ሳይግል ያልቃል። "አንተን እዚህ ድረስ ያመጣህ የሁለት እንጀራ መብራት ነው በለኛ!" አለች። ገንዘቡን አልቀበልም ብላ ስለ ወተቱ ብቻ ተቀበለችኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ መንገዱን ሳስበው ነበር። ውሃው በዚህ በኩል ይመጣልናል። ወተቱም፣ ጤፉም። በ2008 ዓ.ም ደግሞ የከተማው ቆሻሻ ከቆሼ ወደ ሰንዳፋ እንዲሄድ ተደርጎ ነበር። ገበሬዎቹ ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ቆመ፣ ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ቆሼ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። የማንን ጥፋት ከማን እንደምንለይ ለመጻፍ አይደለም ያነሳሁት። በመኪና 40 ደቂቃ ሙዚቃ ከፍቼ ሳልፈው የማላስበውን ነገር በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ሄጄ ስላሰብኩት ነው።

መመለሻው ከባድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ፊት ለፊት መጣ። አንድ ጊዜ ደረቴ ፉጨት ጀመረ፣ ቆምኩ፣ ፓፍ ሳብኩ፣ 20 ደቂቃ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሲለቀኝ ሞተሩን ከፍተኛው ላይ አድርጌ ቀጠልኩ። ይህን የምጽፈው አስም ያለባችሁ ሰዎች "ሞተር ካለ ችግር የለም" እንዳትሉ ነው። ሞተር መድኃኒት አይደለም፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለእኔ የሰጠኝ ነገር ልኩን መምረጥ ነው፤ ልቤና ሳንባዬ የሚችሉትን ያህል እሠራለሁ፣ የተረፈውን እሷ ትሞላለች። 11 ሰዓት ላይ አያት ገባሁ። 58 ኪሎ ሜትር።

ሰኞ ለ9ኛ ክፍሎች ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። መምህሩ 76 ኪሎ፣ ሳይክሏ 24፣ ቦርሳው 5፤ በቀኑ የተወጣው ዳገት በድምሩ በስልኬ 620 ሜትር። ሥራው ስንት ነው? 105 በ9.8 በ620፣ 637,980 ጁል ወይም 177 ዋት ሰዓት። ለዳገቱ ብቻ ነው እንግዲህ፤ ነፋሱና ኮረኮንቹ ሌላ ነው። አንዱ እጁን አውጥቶ "ቲቸር፣ ታዲያ እርስዎ ምን ሠሩ?" አለ። ክፍሉ ሳቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከባትሪው 430 ዋት ሰዓት ያህል ወጥቷል። እኔ ወደ ሦስት ሰዓት ተኩል በአማካይ 80 ዋት ረግጫለሁ ብንል 280 ነው። "አርባ በመቶው የእኔ ነው" አልኩት፣ በኩራት።

ከክፍሉ ኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች። ስፖርት ክፍለ ጊዜ ላይ ሁሌ አግዳሚው ላይ ናት፣ የጓደኞቿን ጃኬት ታቅፋ። ደወል ሲደወል ሁሉም ወጥቶ እሷ ቀረች። "ቲቸር፣ እርስዎም ፓፍ ይይዛሉ?" አለችኝ። አሳየኋት። የእሷንም አወጣች፣ አንድ ዓይነት ነው።

እናቷን አስጠርቼ አነጋገርኩ፣ አርብ ከሰዓት ሳይክሏን ትምህርት ቤት ይዤ ሄድኩ። እናትየው አጥሩ ጋ ቆማ ነጠላዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ታይ ነበር። ልጅቷ ሜዳውን ሦስት ጊዜ ዞረች። አራተኛው ላይ ሞተሩን ራሷ አጠፋችው፣ ግማሽ ድረስ ሄደች፣ ቆመች፣ ትንፋሿን ሰብስባ ሞተሩን መልሳ አብርታ ጨረሰች።

ቅዳሜ ገዢው መጥቶ ቆጣሪውን አየና "ብዙም አልተነዳችም" ብሎ ከፈለ። ቆርቆሮው ተገዝቷል፣ አናጺው ማክሰኞ ይጀምራል። ከስፖርት መምህሩ ጋርም ተነጋግረናል፤ ልጅቷ ሌሎቹ ሲሮጡ በራሷ ልክ፣ ፓፏን በኪሷ ይዛ፣ ሜዳውን በእግሯ ትዞራለች። ትናንት ሁለት ዙር ሄዳለች። ጃኬቶቹ አግዳሚው ላይ ተቆልለው ነበር።