መድኃኒቱ ለእኔም ይሆናል?

ጤነኛና ሕመምተኛ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አንድ ፊልም ቢያዩም የሚያዩት አንድ ነገር አይደለም። ጤነኛው ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ ለማወቅ ይጠብቃል። ሕመምተኛው ግን ታሪኩ እርሱ ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ይጠብቃል። ውድ አንባቢያን፣ ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ቤቴ ውስጥ ከሦስት የካንሰር ሕሙማን ጋር ተቀምጬ ያየሁት ነው።

ታላቅ እህቴ በጡት ካንሰር ታማ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ያረፈችው እኔ ዘንድ ነበር። ኬሞ ለመውሰድ ወረፋ ስትጠብቅ የተዋወቀቻቸው ሁለት ሴቶች ሊጠይቋት ይመጡ ነበር። አንደኛዋ ከወሎ ገጠር የመጡ እናት ሲሆኑ ሁለተኛዋ የሁለት ልጆች እናት የሆነች ወጣት ናት። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ ልጄ ከጓደኛዋ ያገኘችውን ፊልም ከፈተች። «ሊቪንግ ፕሩፍ» ይባላል፤ ሕያው ማስረጃ እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ለቴሌቪዥን የተሠራ ሲሆን፣ ዶክተር ዴኒስ ስላመን የተባሉ የሎስ አንጀለስ ሐኪም ሄርሴፕቲን የተሰኘውን የጡት ካንሰር መድኃኒት ለማስገኘት ያሳለፉትን ትግል ይተርካል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ትርጉም ግን ዓረብኛ ነበርና ወደ አማርኛ መመለሱ የእኔ ድርሻ ሆነ።

የፊልሙ ዋና ሰው ሐኪሙ ናቸው። ሦስቱ ሴቶች ግን ሐኪሙን ብዙም አላዩአቸውም። ዓይናቸው መድኃኒቱ በተሞከረባቸው ሴቶች ላይ ነበር። እህቴ እንደ ዳኛ ትመረምራቸዋለች፤ «ይቺማ ኬሞ የወሰደች አትመስልም፤ ፊቷ መች ጠቆረ? እስቲ ጥፍሯን እዩት!» ትላለች። ሐኪሙ ለምርምሩ ገንዘብ አጥተው ሲጨነቁ የወሎዋ እናት ተገርመው፣ «አሜሪካም ገንዘብ ይቸግራል እንዴ?» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ወጣቷ ግን አልሳቀችም። ከሴቶቹ አንዷ በሞተች ቁጥር አንድ ጣቷን እያጠፈች ትቆጥር ነበር።

ከሞቱት የአንዷ ነገር ላይ ስንደርስ ድምፄ ተያዘ። ልለፈው ይሆን እያልኩ ዝም ስል እናትየዋ፣ «ኡስታዝ፣ ምን አለች? ሳይቀንሱ ይንገሩን እንጂ። እኛ ሞትን ከእርስዎ አፍ አይደለም የምንሰማው፤ አብሮን ነው የሚያድረው» አሉኝ። ሁሉንም ተረጎምኩላቸው። የሌላውን ቃል የሚያደርስ ሰው አማና ተሸክሟልና አይጨምርም፣ አይቀንስም።

ፊልሙ ሲያልቅ ወጣቷ ዞር ብላ ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። «ስንቶቹ ዳኑ? መድኃኒቱ ለእኔም ይሆናል? እኛስ ዘንድ ይደርሳል?» ለእነዚህ ጥያቄዎች ፊልሙ መልስ አልነበረውም። ስለዚህ በማግሥቱ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ አነበብኩም። ያገኘሁትን ለአንባቢያንም ላካፍል።

መድኃኒቱ ለጡት ካንሰር ሁሉ የሚሆን አይደለም። በአንዳንድ ሴቶች ዕጢ ላይ «ኸር ቱ» የሚባል ፕሮቲን ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ካንሰሩ በፍጥነት ያድጋል። እነ ዶክተር ስላመን ይህን ነገር ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። መድኃኒቱ ይህን ፕሮቲን ለይቶ ይይዛል። እንዲህ ያለው ካንሰር የሚገኘው ከአምስት ሴቶች በአንዷ ገደማ ሲሆን፣ የሚለየውም ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ምርመራ ነው።

በሽታው ወደ ሌላ አካል በተሠራጨባቸው 469 ሴቶች ላይ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ኬሞ ብቻ ከወሰዱት ግማሾቹ ከ20 ወር በላይ ሲኖሩ፣ ይህ መድኃኒት ከተጨመረላቸው ግማሾቹ ከ25 ወር በላይ ኖሩ። ልዩነቱ አምስት ወር ነው። ለጤነኛ ሰው አምስት ወር ምንም ላይመስለው ይችላል። እህቴ ይህን ስነግራት፣ «አምስት ወር እኮ ረመዳንን ጾሞ ዓረፋንም ማየት ነው» አለች። መድኃኒቱ በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1998 ነው። በሽታው ሳይሠራጭ በጊዜ በተደረሰባቸው ሴቶች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ፣ ካንሰሩ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድል በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው በ2005 አሳዩ።

የመድረሱ ነገር ሌላ ታሪክ ነው። መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ሳለ ከሙከራው ውጭ ያሉ ሕሙማን አያገኙትም ነበር። በ1994 መጨረሻ የሕሙማን ተሟጋቾች መኪኖቻቸውን እንደ ቀብር ሸኚ አሰልፈው ወደ አምራቹ ወደ ጄነንቴክ ኩባንያ በመሄድ ተቃወሙ። በ1995 ኩባንያው ለተወሰኑት በዕጣ መስጠት ጀመረ። ይህን ስነግራቸው የወሎዋ እናት፣ «እዚያም ወረፋ አለ በሉኛ!» አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባው፤ በ2019 ደግሞ በዋጋ ሊረክስ የሚችለውን የመጀመሪያውን ተመሳሳይ መድኃኒት መርምሮ አጸደቀ። ይሁንና በዝርዝር ላይ መጻፍና በሕመምተኛዋ እጅ መግባት ለየቅል ናቸው።

ወጣቷ በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟን ያንኑ ጠየቀች። የናሙናዋ ውጤት ወረቀት ላይ መልሱ ተጽፎ ነበር፤ የእርሷ ካንሰር ያን ፕሮቲን የለውም። መድኃኒቱ ለእርሷ አይሆንም። ነገር ግን ያው ወረቀት በሆርሞን የሚያድግ ካንሰር መሆኑን ስለሚያሳይ፣ ኬሞውን ስትጨርስ በየቀኑ የምትውጠው ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን እንደሚታዘዝላት ሐኪሟ ነገራት። ፊልም ያላየንለት መድኃኒት ነው። «አላዘንሽም ወይ?» ብላት፣ «አዝኛለሁ፤ ግን የሰው መድኃኒት ስመኝ የራሴን ሳላውቅ ልኖር ነበር» አለችኝ።

እኔ ከዚህ የተማርኩት ይህ ነው። ለታመመ ሰው የፈውስ ታሪክ ጨዋታ አይደለም፤ ዜና ነው። ዜና ደግሞ ሙሉ ሊሆን ይገባዋል። «አይዞሽ፣ መድኃኒት ተገኝቷል» ብሎ መሄድ ቀላል ነው። ከባዱ አጠገቧ ተቀምጦ የካንሰሩ ዓይነት ምንድን ነው፣ ምርመራው ተሠርቷል ወይ፣ ለዚህ የሚሆነውስ የትኛው ነው እያሉ አብሮ መጠየቅ ነው። አበው በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። በሽታው ሳይሸሸግ ዓይነቱ ካልታወቀም እንዲሁ ነው። ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት እንዳለው በእምነታችን ተምረናል፤ የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ግን ተመርምሮ የሚታወቅ ነው።

የወሎዋ እናት ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ አርፈዋል። ከመሄዳቸው በፊት ስለዚያ ፊልም ያሉኝ አንድ ነገር አለ። «ሐኪሙን አመሰገኑት፤ ደግ። መድኃኒቱ እንዲታወቅ ሰውነታቸውን የሰጡትን፣ ሳይድኑ የቀሩትንስ ማን ያመስግናቸው?»

እናመስግናቸው። ለታመሙትም አላህ ሺፋውን ያውርድላቸው።