እግር ይፍጠን፤ እጅ ይታገሥ

ሕፃን ልጅ ዓለምን የሚመረምረው በዓይኑና በእጁ ብቻ አይደለም፤ አንድን ነገር በእርግጥ ያወቀው የሚመስለው ወደ አፉ ሲያገባው ነው። ስለዚህ ሳንቲምም ሆነ የልብስ ቁልፍ ቢያገኝ ከእንጎቻ ለይቶ አያየውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሠፈራችን አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ሳንቲም ዋጠች። ትንፋሿ ደኅና ቢሆንም ምራቋን መዋጥ አቃታት። ከተሰበሰቡት ጎረቤቶች አንዲት ባልቴት «እንጀራ አጉርሷት፤ ይዞት ይወርዳል» አሉ፤ ሌላው «ጣትሽን ስደጂ» ብለው እናቲቱን አዘዙ። ሁሉም የተናገሩት ከፍቅር ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ፍቅር ሲቸኩል ይጎዳል። በጭፍን የገባ ጣት ሳንቲሙን ወደ አየር ቧንቧ አፍ ሊገፋው ይችላል፤ የተጎረሰውም እህል በማደንዘዣ ጊዜ ተመልሶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። እናቲቱ ግን ማንንም ሳትሰማ ልጇን ታቅፋ ወደ ሐኪም ቤት ሮጠች።

የተዋጠ ሳንቲም ብዙ ጊዜ የሚቀረው በምግብ ቧንቧ መግቢያ፥ በአንገት ግርጌ ነው። ሐኪሙ በራጅ ካየው በኋላ ልጅቱን በማደንዘዣ አስተኝቶ፥ መብራት ያለው ቧንቧ በአፏ አሳልፎ፥ በመቆንጠጫ አወጣው።

ይህን ጥበብ ካስፋፉት አንዱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1865 ተወልዶ በ1958 ያረፈው አሜሪካዊው ሐኪም ሸቫሊየር ጃክሰን ነው። ከሰው የምግብና የአየር ቧንቧ የወጡ 2,374 ነገሮችን ያቀፈው ስብስቡ በፊላዴልፊያ በሙተር ሙዚየም ይገኛል። አፉን ከፍቶ የተሰካ መርፌ ቁልፍ በጉልበት ቢጎተት ሥጋን ይቀድዳልና፥ እዚያው ውስጥ ዘግቶ ማውጣት ከዘዴዎቹ አንዱ ነበር። የእጅ ትዕግሥት ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ጊዜ የማይሰጥ ነገር አለ። ጠፍጣፋው የሰዓትና የአሻንጉሊት ባትሪ መልኩ ሳንቲም ይመስላል። በምግብ ቧንቧ ውስጥ ሲቀር ግን ኤሌክትሪኩ ከሰውነት እርጥበት ጋራ ተገናኝቶ የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል፤ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥም ሥጋን ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል። ሁለቱን የሚለየው ራጅ ነው፤ ሳንቲም አንድ ክብ ሆኖ ሲታይ፥ ባትሪ ብዙ ጊዜ በክብ ውስጥ ሌላ ክብ ያሳያል። ስለዚህ «ሳንቲም ነው፤ በራሱ ይወርዳል» ብሎ በቤት መፍረድ አደጋ ነው።

ትንፋሹ የታገደ ልጅ እዚያው ፈጥኖ ሊረዳ ይገባዋል። የሚተነፍስ ከሆነ ግን ወላጅ አፉን ሳይነካ፥ ምንም ሳያጎርስ፥ ወደ ሐኪም ይሩጥ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወለሉን ከልጁ ቀድሞ ማየት ነው።